ምዕራፍ ስድስት፦ እንደ ጫማ ለክቶ፣ እንደ ፈረስ ተላምዶ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። በሆላንድ፣ ፍሌቮላንድ በሚባለው አውራጃ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን ተረት በዓይኑ ያየዋል። ከሩቅ ልሙጥ፣ እንቁላል የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ሞተር የለውም። ሲቃረብ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና የሰንሰለቱ ድምፅ ብቻ ነው። ከላይ የአንድ ሰው ራስ ትታያለች። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ያልፍና ከግድቡ ጀርባ ይሰወራል። ከውስጥ ሆነው የሚያስኬዱት ሁለት የሰው እግሮች ናቸው።

ቬሎሞቢል ማለት ይኸው ነው፤ ሰው ተንጋሎ ተቀምጦ ፔዳል የሚመታበት፣ ዙሪያውን በቀፎ የተሸፈነ ብስክሌት። አብዛኞቹ ባለ ሦስት ጎማ ናቸው። እኛ የምናውቀው ባጃጅ አንዱን ጎማ ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ ያደርጋል። ቬሎሞቢል የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን፣ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት መሆናቸው ማሽኑን ቶሎ እንዳይገለበጥ ይረዳዋል።

ይህን ማሽን ያየ ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የጫማህ ቁጥር ስንት ነው?» የሚለው ነው። ቬሎሞቢል እንደ ጫማ ተለክቶ ይመረጣል፤ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ እንደ ፈረስ ይለመዳል። በፍጥነቱ ብቻ ተማርኮ የገዛ ሰው ጉልበቱ ሲጋጭበት፣ ወገቡ ሲታመምበት፣ ጋራዥ ውስጥ አቁሞት ይተዋል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ልክና ስለ ልማድ ነው።

ሁሉም ነገር ከአየር ይጀምራል

ልኩ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለመረዳት ቀፎው ለምን እንደሚጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። ተራ ብስክሌት ላይ በዝግታ ስንሄድ አየሩ ብዙም አይታወቀንም። ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን ግን አየሩ የሚገፋን ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን ግፊት ለማሸነፍ ከእግራችን የሚጠየቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሜዳ የሚነዳ ሰው ከሚያፈሰው ጉልበት አብዛኛውን የሚበላው አየር ነው። ደረቱ፣ ትከሻው፣ ራሱ እንደ ሸራ አየሩን ያቆሙታል።

ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው መንጋለል ነው፤ ሰውዬው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲጋደም አየሩን የሚጋፈጠው ገላው ያንሳል። ሁለተኛው መሸፈን ነው፤ ልሙጥ ቀፎ አየሩን ሳያተራምስ ያሳልፈዋል። ቬሎሞቢል ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋል። 150 ዋት ጉልበት፣ ማለትም ጤነኛ ሰው እያላበው ለረጅም ጊዜ የሚችለው ጉልበት፣ በተራ ብስክሌት በሜዳ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ያው ጉልበት በጥሩ ቬሎሞቢል ከ40 በላይ ያደርሳል። ቀፎው በጠበበ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። በጠበበ ቁጥር ግን ለሰውየው የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። የምርጫው ፈተና እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ በ1920ዎቹ (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለልጁ ለዦርዥ ባለ አራት ጎማ የፔዳል መኪና ሠራለት። ትልልቆቹ ሰዎችም ወደዱት። ሞሼ «ቬሎካር» ብሎ ለእነሱ ይሠራ ጀመር፤ መኪና ለመግዛት አቅም ላልነበረው ቤተሰብ ጥሩ መላ ነበር። ከዚያ ይህንኑ አቀማመጥ ወደ ሁለት ጎማ አመጣው። ሐምሌ 7 ቀን 1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ተወዳዳሪ በዚህ ተንጋሎ በሚነዳ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ ከ1914 ጀምሮ ያልተደፈረውን የ44.247 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ።

ደስታው አልዘለቀም። በ1934 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ በብስክሌት ውድድር ውስጥ እንዳይቆጠር ወሰነ። ውድድር የሌለው ማሽን ገበያም አያገኝም፤ ሐሳቡ ለአሥርተ ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ። በ1980ዎቹ ዴንማርካዊው ካርል ጊዮርግ ራስሙሰን «ላይትራ» የተባለውን ሠርቶ እሳቱን ዳግም አቀጣጠለው። በ1993 ደግሞ ድሮንተን በተባለች የፍሌቮላንድ ከተማ፣ ፍሌቮባይክ የተባለው ድርጅት ከአሉሚኒየም ሉህ የተገጣጠመውን «አለቬደር» አወጣ። የስሙ ትርጉም «ለማንኛውም የአየር ጠባይ» እንደማለት ነው። ከዚያው ቤት የወጡ ባለሙያዎች ቬሎሞቢል ኤንኤልን አቋቁመው በ2000 «ኩዌስት»ን ሠሩ።

ድሮንተን የቆመችበት መሬት እስከ 1957 ድረስ ውሃ ሥር ነበር። ሆላንዶች ባሕሩን በግድብ ከልለው፣ ውሃውን በፓምፕ ጨልጠው ነው አገር ያደረጉት። ለዚህ ነው እንደ ገበታ ሜዳ የሆነው፤ ለዚህም ነው ነፋሱን የሚከለክል ኮረብታ የሌለው። ዳገት የሌለበት፣ ነፋስ የማያርፍበት፣ የብስክሌት መንገዱ የተስተካከለ አገር ለቬሎሞቢል የተፈጠረ ይመስላል።

ልክ

አንድ ቬሎሞቢል አጠገብ ቆመናል እንበል። ክዳኑን ገልጠን፣ በሁለት እጃችን የቀፎውን ጠርዝ ይዘን፣ እግራችንን ወደ ፊት ሰድደን መቀመጫው ላይ እናርፋለን። ተረከዛችን መሬት ሳይነካ ከፊታችን ተንጠልጥሎ ፔዳሉን ያገኛል። አሁን ፔዳሉን ቀስ ብለን እናዙር።

የጫማችን ጫፍ ወደ ላይ ሲመጣ የቀፎውን ጣሪያ ይነካል? ተረከዛችን ወደ ታች ሲወርድ ወለሉን ይፍቃል? ጉልበታችን ሲነሣ ከክዳኑ ወይም ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል? ትከሻችን በሁለቱም በኩል ጠርዙን ይጫናል? ከአራቱ አንዱ «አዎ» ከሆነ ማሽኑ የእኛ ልክ አይደለም፤ ወይም መስተካከል አለበት። ፔዳሉ የተገጠመበት ክፍል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መቀመጫው ይቃናል፣ ይጋደማል። የፔዳሉ ክንድ ራሱም ያጥራል። በተራ ብስክሌት 170 ሚሊ ሜትር የሆነው ክንድ በቬሎሞቢል ብዙ ጊዜ 155 ወይም ከዚያ ያነሰ ይደረጋል። ክንዱ ሲያጥር እግር የሚሠራው ክብ ይጠብባል፤ ተረከዝም ጉልበትም ቦታ ያገኛሉ።

ማስተካከል ግን ድንበር አለው። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ለአጭር የተሠራ ቀፎ ውስጥ በምንም ዘዴ አይገባም፤ አጭር ሰው ደግሞ ሰፊ ቀፎ ውስጥ ሲቀመጥ መንገዱ ከማሽኑ አፍንጫ በላይ አይታየውም። ለዚህ ሲሉ አምራቾቹ አንዳንዱን ሞዴል በተለያየ ልክ ያወጣሉ፤ ለአጫጭሮች «ኩዌስት ኤክስኤስ»፣ ለረጃጅሞች «ዲኤፍ ኤክስኤል» አለ። ይሄኛው ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ሁሉ ከዚህ ልክ በኋላ የሚመጣ ነው።

መንገድ

ሰውነት ከተለካ በኋላ የሚለካው መንገድ ነው። በየቀኑ የምትነዱበትን መንገድ በሐሳባችሁ አንድ ጊዜ ሂዱበት።

ዳገት አለው? በሜዳ ላይ የሚያስከፍለው አየር ነበር፤ በዳገት ላይ የሚያስከፍለው ክብደት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ብስክሌት ላይ ቢወጣ ድምሩ 85 ነው። 30 ኪሎ ቬሎሞቢል ውስጥ ቢገባ 105 ይሆናል። ዳገት ላይ የሚጎተተው ሸክም ሩብ ያህል ጨመረ ማለት ነው፤ ቀፎው በዝግታ ጉዞ የሚመልሰው ውለታ የለም። ከካርቦን ፋይበር የተሠሩት ቀላሎቹ ወደ 20 ኪሎ ይወርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን ይወጣል። ዳገት ለሚበዛበት ሰው ክብደትና ሰፊ ማርሽ ከቀፎው ቅርጽ ይቀድማሉ።

ጠባብ መታጠፊያ አለው? እዚህ ላይ አንድ ከባድ ምርጫ አለ። በአንዳንዶቹ የፊት ጎማዎቹ ጭምር በቀፎው ተከድነዋል፤ በሌሎቹ፣ ለምሳሌ በ«ስትራዳ»፣ ጎማው ወደ ውጭ ይታያል። የተከደነው ፈጣን ነው፤ ጎማው ግን በቀፎው ውስጥ እንደ ልቡ ስለማይዞር ማሽኑን በአንድ ጊዜ ለማዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የተገለጠው ትንሽ ይዘገያል፤ በከተማ ውስጥ ግን ይታዘዛል፣ ጎማ ለመቀየርም ይቀላል። ረጅም የገጠር መንገድ ለሚነዳ የተከደነው፣ በየመቶ ሜትሩ ለሚታጠፍ የተገለጠው ይሻላል።

ማደሪያስ አለው? «ኩዌስት» 2.85 ሜትር ርዝመትና 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ደረጃ ላይ ተሸክሞ አይወጣም። በሩን፣ ኮሪደሩን፣ ጋራዡን በሜትር ለኩ። የሆላንድ ሕግ ከሁለት በላይ ጎማ ኖሮት ስፋቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ብስክሌት በብስክሌት መንገድ ፈንታ በመኪና መንገድ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ስለዚህ አንዲት ሴንቲ ሜትር ስፋት እንኳ መንገድ ትመርጣለች። ሌላ አገር የምትኖሩ ከመግዛታችሁ በፊት ያገራችሁን ሕግ እዩ።

ሁለተኛ እጅ

አዲስ ቬሎሞቢል ውድ ነው፤ በሺህ በሚቆጠር ዩሮ የሚሸጥ፣ በብዛት በእጅ የሚሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሁለተኛ እጅ ነው፤ ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ማሽን ስለ ራስ ልክ የሚያስተምር ነው፤ ትምህርቱን በግማሽ ዋጋ ማግኘት ይሻላል።

ሲገዙ ቀለሙን ሳይሆን መገጣጠሚያውን ማየት ነው። ሞላና ሾክ ከቀፎው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ስንጥቅ ካለ በጣት ዳስሱ። የፊት ጎማውን በእጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙ፤ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የመሪው መጋጠሚያ አልቋል። ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ በቀፎው ውስጥ በቱቦ ነው የሚያልፈው፤ ቱቦው መበላቱን እዩ። ከሁሉ በላይ የፊት ጎማዎቹን ገጽ ተመልከቱ። እኩል ሳይሆን የተላጠ ጎማ አላይመንቱ የተዛባ መሆኑን ይናገራል፤ አላይመንቱ የተዛባ ማሽን ደግሞ አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል፣ የነጂውንም ጉልበት በየሜትሩ ይሰርቃል። ይህ የሚስተካከል ስለሆነ ግዢውን አያስቀርም፤ ዋጋውን ግን ያስቀንሳል።

ልማድ

የመጀመሪያው ቀን የጆሮ ነው። ባዶ ቀፎ እንደ ከበሮ ነው፤ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ ውስጡ ይጮኻል። አዲስ ነጂ «አንድ ነገር ተሰበረ» ብሎ ደጋግሞ ይቆማል። በሳምንቱ ጆሮ ይለምዳል፤ በወሩ ደግሞ ያው ድምፅ ይጠቅማል። ጎማ መተንፈስ ሲጀምር፣ ሰንሰለት ዘይት ሲጠማ፣ ነጂው ከማየቱ በፊት ይሰማዋል።

ሁለተኛው የዓይን ነው። ተንጋሎ የተቀመጠ ሰው ዞሮ ወደ ኋላ ማየት ስለማይችል ስፖኪዮ የግድ ነው። የማሽኑ አፍንጫ ከነጂው ዓይን ከአንድ ሜትር በላይ ይቀድማል። አጥር ያለበት መገናኛ ላይ ስትደርሱ መኪና መምጣቱን ከማየታችሁ በፊት እግራችሁ መንገዱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ መቆምና በስንዝር ስንዝር መውጣት ያስፈልጋል። ሌላው ሰው እናንተን የሚያየው ደግሞ ዝቅ ብላችሁ ነው። ባንዲራ፣ ደማቅ ቀለም፣ በቀንም የሚበራ መብራት ጌጥ አይደሉም። ያያችሁ ሹፌር እንኳ «ብስክሌት ነው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል» ብሎ ሊገባባችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን በ40 እየመጣችሁ ነው።

ሦስተኛው ኩርባ ነው። በብስክሌት ስንታጠፍ ገላችን ከነብስክሌቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ቬሎሞቢል አያዘነብልም፤ ባጃጅ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። የውስጠኛው ጎማ መቅለል ይጀምራል፤ ከዚያ ይነሣል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ፍሬን ከኩርባው በፊት መያዝ፣ በኩርባው ውስጥ ደግሞ ራስንና ትከሻን ወደ ውስጠኛው ጎን መጣል። ይህንን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ በ15፣ ከዚያ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየደጋገሙ መለማመድ ይገባል። መንገድ ላይ የሚማሩት ትምህርት አይደለም።

አራተኛው ነፋስ ነው፤ በቅርብ ልንመለከተው የሚገባ ነገር ነው። ፍሌቮላንድ ውስጥ የገበሬ ቤቶች በዛፍ ተከበው በረጅሙ መንገድ ዳር ተራርቀው ቆመዋል። በቤቱ ጥላ ሥር ስትነዱ ነፋሱ ጸጥ ይላል። ዛፎቹ ባለቁበት ቅጽበት ነፋሱ ከጎን እንደ እጅ መዳፍ ቀፎውን ይመታዋል፤ ማሽኑም ወደ ጎን ይዘላል። ጀማሪ በድንጋጤ መሪውን አንቆ ይይዛል። ይሄ ስሕተት ነው፤ የተጨነቀ እጅ የእግርን እንቅስቃሴ ሁሉ ወደ መሪው ያስተላልፋል፣ ማሽኑም እንደ እባብ ይጥመለመላል። ክንድን አሳርፎ፣ መሪውን በጣት ብቻ ይዞ፣ ትንሽ ወደ ጎን ቢሄድ ፈቅዶ ቀስ ብሎ መመለስ ነው የሚበጀው። ልጓም ስቦ የያዘ ጋላቢ ፈረሱን ያስበረግጋል፤ ላላ አድርጎ የያዘው ግን ያረጋጋዋል።

አምስተኛውና ረጅሙ የጡንቻ ልማድ ነው። ዓመታት ብስክሌት የነዳ ሰው እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ ይዝላል። ተንጋሎ ፔዳል መምታት የታፋንና የመቀመጫን ጡንቻ በሌላ ማዕዘን ያሠራል። ዳገት ላይ ተነሥቶ በገላ ክብደት መርገጥ አይቻልም፤ ያለው እግር ብቻ ነው። ጀማሪው ጀርባውን ከመቀመጫው ጋር አጣብቆ በከባድ ማርሽ ሲገፋ ጉልበቱን ይጎዳል። ቀላል ማርሽ አስገብቶ፣ በደቂቃ 80 ወይም 90 ጊዜ እየዞረ መንዳት ጉልበትን ያድናል። እግር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጣት ሊደነዝዝ ይችላል፤ የጫማ ማሰሪያ ማላላት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እግሩ እስኪለምድ ወራት ይፈጃል። በእነዚህ ወራት የተሰጠ ፍርድ የችኮላ ፍርድ ነው።

ሙቀትን በሁለት ቃል እንለፈው። ውርጭ ባለበት ጠዋት ነጂው በስስ ሸሚዝ ይሄዳል፤ ቀፎው የገላውን ሙቀት ያቆይለታል። ያው ቀፎ በበጋ ያፍናል፤ ክዳኑን ማንሣትና ውሃ ሳይጠሙ መጠጣት ያስፈልጋል። ፍሬኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ውስጥ የታሸገ ነው። ዝናብ አይነካውም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይግልና ይደክማል። ስለዚህ ቁልቁለቱን በዝግታ መጀመር ነው፤ ከበረሩ በኋላ ለማቆም መሞከር ይከብዳል።

የመጨረሻው ልማድ የጨዋነት ነው። በብስክሌት መንገድ ላይ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ወሬ የያዙ ጓደኛሞች ይሄዳሉ። ማሽኑ ከውጭ ብዙ ድምፅ የለውም። ከኋላቸው በ40 መጥቶ በአጠገባቸው ሽው ማለት ያስደነግጣል፣ ይጎዳልም። ከሩቅ ደወል መደወል፣ ፍጥነትን ወደ እነሱ አውርዶ ማለፍ፣ ሲያልፉም ማመስገን የነጂው ግዴታ ነው። መንገዱ ከሌሎች ጋር የሚጋሩት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ይህ ማሽን ለሁሉም አይሆንም፤ ይሆናል ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ቤቱ ከሥራው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር የሚርቅ፣ መንገዱ ሜዳና ለስላሳ የሆነ፣ ማቆሚያ ያለው፣ ዝናብና ብርድ ብስክሌቱን ያስቀመጠበት ሰው ግን ከዚህ የተሻለ በእግር የሚሠራ መጓጓዣ አያገኝም። ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ሆላንድና ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ ሠሪዎቹ ቅርባችሁ ናቸው፣ መሞከርም ትችላላችሁ።

ስትሞክሩ አሥር ደቂቃ አይበቃም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠይቁ፤ ከተቻለ በራሳችሁ መንገድ ላይ ሞክሩት። ከገዛችሁም በኋላ አሮጌው ብስክሌታችሁን ለሦስት ወር አትሽጡት፤ እግራችሁ እስኪለምድ ያግዛችኋል። ለሙከራ ስትሄዱ ደግሞ በየቀኑ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። የዚያ ጫማ ጫፍ ጣሪያውን፣ ተረከዙ ወለሉን ካልነካ፣ ልካችሁን አግኝታችኋል። ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው።